«አየሩ ጥሩ ነው» ብዬ የጻፍኩልህ

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ቁርጥማት ዘንድሮ ተወት አደረገህ ወይ? ባለቤትህ እንዴት ናት? የተሰበረው እጇ ከጀሶ ወጣ ወይስ አሁንም ቤቱን በአንድ እጇ ነው የምታስተዳድረው? ትልቋ ልጅህ ፈተናዋን አለፈች? ትንሹስ፣ ያ ሌባ፣ አሁንም መነጽርህን እየደበቀ ቤቱን ሁሉ ያስበረብርሃል? አማትህ ጆሮአቸው ተሻላቸው ወይስ ዛሬም ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ከፍተው ነው የሚያዩት? ሁላችሁም ደህና ሁኑልኝ፤ ክፉ አይንካብኝ።

ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከልቤ ነው። ተቀይሜሃለሁ። ተቀይሜህም ቢሆን ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ ዘው አልልም፤ እናታችን እንደዚያ አላሳደገችንም።

በደብዳቤ ደንብ አሁን ተራው የእኔ ነው። «እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፣ ምንም የጎደለኝ የለም» ማለት ነበረብኝ። አገር ለቀህ ከሄድክ ጀምሮ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ እንደዚያ ብዬሃለሁ። ዛሬ ግን አልልም። ለምን እንደማልል ደግሞ ታገሰኝና አንብበው፤ አንተ መሃሉን እየዘለልክ መጨረሻውን ማየት ትወዳለህ፤ ይህንን ግን አትዝለልብኝ።

ሦስተኛ ፎቅ የገባሁት ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ነው። ያኔ «አየሩ ጥሩ ነው፣ ደረጃውም ለጤና ሆነኝ» ብዬ ጽፌልሃለሁ። እውነቱ ይኸውልህ። ምድር ላይ ያለ ክፍል በጡረታዬ ስላልተገኘ ነው እዚህ የወጣሁት። ደረጃው ሃምሳ አራት ነው። ጉልበቴን ካወቅከው ቆይተሃል፤ አሁን እሱ ጉልበት ሳይሆን የዛገ ማጠፊያ ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ አንዴ ዳቦ ይዤ፣ አንዴ ውሃ ይዤ። ዳቦውን አራግፌ በላሁት። ውሃው ግን እስከ ታችኛው ፎቅ ወረደና ምንጣፏ የረጠበባት ሴትዮ ለሦስት ሳምንት ሰላምታ ነሳችኝ። አሁን የምወርደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ስድስቱን ቀን በመስኮት የማየው የሰው አናት ብቻ ነው፤ በሰፈራችን ማንን መላጣ እንደጀመረው ከሚስቱ በፊት እኔ ነኝ የማውቀው።

ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ትለኛለህ። አንተ በሰው አገር ስንት ጭንቅ እያለብህ፣ የእኔን ጉልበት ጨምሬ ላሸክምህ? ደግሞ ኩራት አለብኝ፤ ይህንንም አልደብቅህም። ታላቅ ነኝ። ታናሽ ይጠየቃል እንጂ ታላቅ አያለቅስም እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከአባታችን ቤት ጀርባ ያለውን የእንጨት መጋዘን ታስታውሰዋለህ፤ ሰጋቱራ ውስጥ ተንከባልለህ ስትመጣ ጸጉርህን በማበጠሪያ የማራግፍልህ እኔ ነበርኩ። መጋዘኑ ከተዘጋ ሰባት ዓመቱ ነው። ባዶውን አይጥና አረም ወርሶታል። አምና ማዘጋጃ ቤቱ እዚያ ላይ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን አርባ ክፍል ልሥራ አለ። መሬቱ ግን በመዝገብ የሥራ ቦታ ተብሎ ነው የተያዘው፤ ሰው እንዲኖርበት አገልግሎቱ መለወጥ አለበት። ለዚያ ደግሞ አስቀድሞ የሰፈሩ ሰው ይምከርበት፣ ድምፁን ይስጥበት ተባለ።

ማዘጋጃ ቤት የላካት መሐንዲስ፣ ልጅ እግር ናት፣ ንድፉን ግድግዳ ላይ ለጥፋ አሳየችን። እኔ በሕይወቴ የቤት ንድፍ አይቼ እንባዬ ይመጣል ብዬ አላውቅም። ደረጃ የለውም። ደፍ እንኳ የለውም። በሩ ሰፊ ነው፤ በየግድግዳው የእጅ መደገፊያ ዘንግ አለ። መስኮቱ መንገድ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ሰው ሲያልፍ አናቱን ሳይሆን ፊቱን ያያሉ፣ ቆም ብሎ ቢያናግርዎት ይሰማሉ አለችን። ያን ቀን ተመዘገብኩ። ተራ ቁጥሬ አስራ ሰባት ነው።

አስራ ስምንተኛዋ ተመዝጋቢ ጎረቤቴ አዋላጇ ናት። ግድግዳ ነው የሚለየን። ሁለታችንም ብቻችንን ስለሆንን ውል አለን፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ሁለቴ ትመታለች፣ እኔም ሁለቴ እመልሳለሁ። አድረናል ማለት ነው። የዚህን ሰፈር ግማሹን ሰው ወደዚህ ዓለም የተቀበለችው እሷ ናት። ስብሰባው ላይ አንዱ ጎረምሳ ተነስቶ ሽማግሌ ከበዛ ሰፈሩ የአምቡላንስ መመላለሻ ይሆናል ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እሱን ለማስወጣት ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ፣ ያኔም አስቸጋሪ ነበር አለችኝ። ሳቄን ለመደበቅ ሳል አስመሰልኩ።

ስብሰባው የተካሄደው በትምህርት ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ ነው። አግዳሚው ለስምንት ዓመት ልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበታችን ከአገጫችን ጋር ተገናኝቶ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ክፉ ናቸው አልልህም። አንዲት እናት ልጆቻችን መጫወቻ የላቸውም፣ ያ ቦታ ለነሱ ይሁን አለች፤ እውነቷን ነው፣ የላቸውም። ሌላው የመኪና ማቆሚያ ጠበበን አለ። የተቃዋሚዎቹ መሪ ግን ያ አብሮ አደግህ ነው፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት። አንድም ቃል ሳይጮህ፣ ሁሉንም እናትና አባት እያለ፣ ሰፈሩ የጡረተኛ ማከማቻ ከተባለ የቤታችሁ ዋጋ ይወርዳል እያለ ሰውን አንድ በአንድ አስፈራራው። የጉልበቴን ቅባት የምገዛው ከሱ ነው፤ መጀመሪያ አሳምሞኝ ኋላ ቅባቱን ሊሸጥልኝ ነው መሰለኝ።

እኔ ደግሞ የአዳራሹ አንባቢ ነበርኩ። በሰፈሩ ቤት ኖሯቸው ሩቅ የሚኖሩ ሰዎች ሐሳባቸውን በደብዳቤ እንዲልኩ ተፈቅዶ ነበርና፣ ደብዳቤው ለጉባኤው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ማን ያንብብ ሲባል ሁለቱም ወገን እኔን ጠራ። ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት እርማት አንብቤያለሁ። ሥራዬን ታውቃለህ፤ አንዷ ረቂቁን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ የታተመውን ይዛ ታርማለች። ነጥቡም ሰረዙም በአፍ ይጠራል። አንባቢ ስሜት አይጨምርም፣ ቃል አይዘልም፣ ደስ ባይለውም አያሳምርም። ለዚህ ነው ያመኑኝ። ደንቡም ጠበቅ ያለ ነው፤ ፖስታውን ሰብሳቢው እዚያው በሰው ፊት ይቀዳል፣ አንባቢ አስቀድሞ አያይም፣ የጸሐፊው ስም የሚነበበው መጨረሻ ላይ ነው። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ነው። ፖስታውን የሚቀደው ትኬት እንደሚቆርጥ ነው።

አራት ደብዳቤ አነበብኩ። ሁለቱ ይሠራ፣ ሁለቱ አይሠራ ይላሉ። አምስተኛውን ሲሰጠኝ ገና ሳልጀምረው የማን ጽሑፍ እንደሆነ አወቅኩ። መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። አንተ ልጅ ሆነህ በማስመሪያ አስምሬልህም እንኳ መስመርህ ወደ ላይ ነበር የሚወጣው፤ እጅህን ይዤ ስንት ጊዜ ወደ ታች እንደጎተትኩት አትረሳውም። የእጅ ጽሑፍህን በዓለም ላይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። አፌ ቁርጥ ይበልልህና፣ ወንድሜ ለእኛ ብሎ ጻፈ አልኩ በልቤ። አዋላጇንም በዓይኔ ጠቀስኳት።

ከዚያ አነበብኩት። የመሬቱ አገልግሎት እንዳይለወጥ እቃወማለሁ ትላለህ። ልጆቼ አንድ ቀን የሚመለሱበት ቤት ጓሮው የሽማግሌ መጠለያ እንዲሆን አልፈልግም ትላለህ። እሺ፤ የቤት ባለቤት ነህ፣ መቃወም መብትህ ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ምናልባት ረስተኸው እንደሆነ፦

«ለአረጋውያን ቤት ያስፈልጋል የሚባለው የተጋነነ ነው። ታላቅ እኅቴ እዚያው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በየወሩ ትጽፍልኛለች። ምንም አልጎደለኝም፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ደረጃውም ለጤና ሆነኝ ትላለች። ደብዳቤዎቿ በእጄ አሉ።»

እዚህ ላይ ስደርስ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። የማተሚያ ቤቱ ልማድ መጣብኝ። «ምንም አልጎደለኝም ነጠላ ሰረዝ አየሩ ጥሩ ነው ነጠላ ሰረዝ» እያልኩ፣ «በእጄ አሉ አራት ነጥብ» ብዬ አነበብኩት። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ቃሉን እንዳልሰማው ብዬ ነው ነጥቡን የያዝኩት። ማተሚያ ቤትም እንደዚያ ነበርን፤ የሞት ማስታወቂያ ሲመጣ ነጥቡንና ሰረዙን አጥብቀን ይዘን ነበር የምናልፈው።

መጨረሻ ላይ ስምህን ከነአባታችን ስም አነበብኩ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

አብሮ አደግህ ብድግ አለና፣ በዚያ በለሰለሰ አፉ፣ እንግዲህ ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል፣ እኅትየዋ ራሷ ናት ያነበበችልን አለ። ሰብሳቢው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እንዲህ ብለው ጽፈዋል?» አለኝ።

ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ሁሉንም ማለት እችል ነበር። ቁጥር አስራ ሰባት እኔ ነኝ፣ የጻፍኩት ሐሰት ነው፣ ጉልበቴን ኑና እዩት ማለት እችል ነበር። ሁለት መቶ ሰው እያየኝ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንድሟን ለአስራ ዘጠኝ ዓመት የዋሸች፣ ችግሯን የደበቀች ሴት መሆን አቃተኝ። ደግሞም ጽፈሻል ወይ ነው የተባልኩት፤ ጽፌያለሁ።

«አዎ፣ ጽፌያለሁ» አልኩ።

ቁጭ ስል አዋላጇ አላየችኝም። በመመለሻችን ሃምሳ አራቱንም ደረጃ ከኋላዬ ወጣች። በሬ ላይ ስንደርስ ብቻ፣ «እሱስ ሩቅ ነው፣ አያውቅም። አንቺስ?» አለችኝና ገባች። በማግስቱ ግድግዳው አልተመታም። እኔ መታሁ፤ አልመለሰችም። በሦስተኛው ቀን የበሯን መከፈት ሰምቼ ነው በሕይወት መኖሯን ያወቅኩት።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይህ ነው። ተመልሼ ተመልሼ ሳስበው የሚያንገበግበኝ መቃወምህ አይደለም። አንድ መስመር ጽፈህ፣ እታለም ይህ ነገር እውነት ነው ወይ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ብለህ አለመጠየቅህ ነው። ያስጻፈህ የመድኃኒት ቤቱ ሰው መሆን አለበት፤ እሱ ጻፍ ሲልህ ጻፍክ፤ እኔን ለመጠየቅ ግን ጊዜ አጣህ። የአባታችንን ቤት አንተ ብቻህን ውሰደው፣ እኔ ባልም ቤትም አለኝ ብዬ ስፈርምልህ አንድ ቀን ይህ ቤት በእኔ ላይ ደብዳቤ ያጽፋል ብዬ አላሰብኩም። ይህን የማነሳው ላስቆጭህ ወይም ላስመልስህ አይደለም፤ የሰጠሁትን ሰጥቻለሁ። ግን የእኔን ሰላምታ፣ አንተ እንዳትጨነቅ ብዬ የጻፍኩልህን፣ አጣጥፈህ አስቀምጠህ ለሰው አሳልፈህ ሰጠኸው። በእኔው ቃል እኔኑ መታኸኝ። ቅስሜን ሰበርከው።

አንድ ሳምንት አኮረፍኩህ። ልጽፍልህም አልፈለግኩም። አንተን ሰደብኩ፣ አብሮ አደግህን ሰደብኩ፣ ቅባቱን ሳይቀር ወደ ቆሻሻ ጣልኩት፤ ማታ ጉልበቴ ሲነዘንዘኝ መልሼ አነሳሁት። ስድቡ ሲያልቅብኝ የአዋላጇ ጥያቄ ብቻ ቀረ። አንቺስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ለሰው እንጂ ለእኔ የተባለ አይመስለኝም ነበር። አንተ ከድተኸኛል። እኔ ደግሞ አንዲት «አዎ» ብዬ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ከድቻለሁ። ከነሱ ውስጥ ሁለት እግሩ የማይታዘዝለት ጫማ ሰፊ አለ፤ ልጁ አዝሎት ነው ስብሰባ የመጣው። ያን ቀን ልጁ መልሶ ሲያዝለው አንገቴን አዞርኩ።

ድምፅ ገና አልተሰጠም። መሐንዲሷ እስከ ወሩ መጨረሻ ደብዳቤ መቀበል አለብን ብላ ስለተሟገተች ሁለተኛውና የመጨረሻው ስብሰባ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። እኔም ትናንት ወርጄ ሰብሳቢውን አገኘሁትና አንባቢነቱን መለስኩለት። ለምን አለኝ። የማስገባው ደብዳቤ አለኝ፣ ጸሐፊና አንባቢ አንድ ሰው መሆን አይችልም አልኩት። ደንብ ስለሚወድ ወዲያው ገባው።

ደብዳቤው ይህ ነው፤ አሁን በእጅህ የያዝከው። በሁለት ቅጂ ነው የጻፍኩት። አንዱ ወዳንተ ይመጣል፣ አንዱ በታሸገ ፖስታ አዳራሹ ውስጥ ይከፈታል። ከሰላምታው ጀምሮ ይነበባል፤ የወገብህ ቁርጥማትም፣ የአማትህ ቴሌቪዥንም አይቀርም። ይቅርታ አድርግልኝ። አንባቢ እንዳይዘል አስተምሬ ኖሬ፣ ለራሴ ሲሆን ዝለሉልኝ አልልም። ስምህን በሰው ፊት እንዳላጎድፍ ሦስት ጊዜ ቀድጄ ጽፌዋለሁ፤ በሦስቱም ጊዜ ያው ሆኖ ወጣ። የኔን ደብዳቤዎች ምስክር አድርገሃቸዋል፤ እንግዲህ ይህም ደብዳቤዬ ነውና ከነሱ ጋር ይቆጠርልኝ።

አንተም ብትፈልግ ጻፍ። ቶሎ ከላክኸው ይደርሳል። የልብህን ጻፍ እንጂ እኔ ስለተቆጣሁ ብለህ እንዳትጽፍ። አሁንም እቃወማለሁ ካልክ እቃወማለሁ በል፤ ለራስህ ቤት፣ በራስህ ቃል። በእኔ ግን ሁለተኛ አትማል።

አንባቢ ማን ይሁን ሲባል አዋላጇን ጠቆምኩ። መነጽሯ አንድ ጆሮው ተሰብሮ በክር ነው የሚታሰረው፤ ቢሆንም ድምፅ አላት፤ ምጥ የያዛትን ሴት «አምጪ!» ብላ ስታዝ የኖረች ድምፅ። ዛሬ ጠዋት ደፈር ብዬ በሯን አንኳኳሁና፣ አንባቢ አስቀድሞ አያይም የሚለውን ደንብ አውቄ አፍርሼ፣ ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ እስከዚህ ያለውን አነበበች። ፊቷን አይቼ ምንም ማወቅ አልቻልኩም። ወረቀቱን መለሰችልኝና፣ «ስለ ጉልበትሽ የጻፍሽው አንሷል፤ ሁለት ጊዜ አይደለም የወደቅሽው፣ ሦስት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሦስት ነው። ይኸው፣ በዚህ ደብዳቤም መሃል ልዋሽህ ነበር። ክፍሌ ገብቼ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ግድግዳው ተመታ። አንዴ ብቻ። ሁለተኛውን ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ለጊዜው እሱም ይበቃኛል።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እጅሽን አታስቸኩዪው በላት፣ አጥንት ችኮላ አይወድም። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፤ ብታልፍም ብትወድቅም አክስቷ ነኝ። ትንሹን ጆሮውን ቆንጥጠህ ሳምልኝ። አማትህን እግራቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ እሳቸው ባሉበት ቤት ደረጃ ካለ አስቀድመህ ዘንግ አስገባላቸው፣ ምንም አልጎደለኝም ቢሉህም አትመናቸው። የአባታችንን ቤት የተከራዩት ሰዎች ደህና ናቸው፤ በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር ሰላም ይሉኛል፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ግን አያውቁም።

አንተንም ስሜሃለሁ፤ ቂሜ እንዳለ ሆኖ። ስለ እኔ የሚጠይቅህ ሰው ካለ፣ አብሮ አደግህም ቢሆን፣ እኅቴ ደህና አይደለችም በለው።

ታላቅ እኅትህ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ኅዳር 9 ቀን